የገፉት ወደ ፊት ነበር

በሌላ ሰው እጅ ያሳበብኩት ጥፋት አለኝ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሪሞት ከሚነዳ የታንክ ሞዴል ጋር፣ እንዲያውም በሪሞቱ ስክሪን ላይ ከነበረች አንዲት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ትንሽነቱን አስቀድሜ የምናገረው ለማቃለል አይደለም። ግን ይህንንም በእርግጠኝነት ማለት አልችልም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለራሴ ሳቃልለው የኖርኩት በዚሁ በትንሽነቱ ነውና። ይህን የሚያነብልኝን ሰው እንደ ንስሐ አባት እቆጥረዋለሁ፤ ፍታኝ ግን አልለውም። የሠራሁትን እንደሠራሁት፣ ያሰብኩትንም እንዳሰብኩት ብናገር ይበቃኛል።

ሰውየውን ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ታንከኛ ነበሩ፤ የኤም 41 ተኳሽ። ኤም 41 አሜሪካኖች በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ማምረት የጀመሩት ቀላል ታንክ ነው። ክብደቱ 23 ቶን ተኩል ገደማ፣ መድፉ 76 ሚሊሜትር፣ ሠራተኞቹ 4 ናቸው፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሹፌር። በ1950 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ በመኪና አደጋ በሞቱት በጄኔራል ዋልተን ዎከር ስም ዎከር ቡልዶግ ይባላል። በጃንሆይ ዘመን በአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ወደ እኛ ጦር ገባ፤ በኦጋዴኑ ጦርነትም ተዋጋ። ጋሼ ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ስትያዝ የት እንደነበሩ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ዝም አሉኝ፤ ደግሜ አልጠየቅሁም። ስለ ታንኩ ግን ያወራሉ። ሞተሩ ሲነሳ ደረት ውስጥ የሚሰማውን፣ ቀትር ላይ ብረቱ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ባሩዱ ከጉሮሮ ለስንት ቀን እንደማይለቅ። የሚቆጫቸው አንድ ነገር ነው፤ ነድተውት አያውቁም። «ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጬበት የነዳኝ ሌላ ሰው ነው» ይላሉ።

የዚህ ታንክ ሞዴል በ1 ለ16 መጠን እንደሚሠራ፣ ሄንግ ሎንግ የሚባል የቻይና ኩባንያ እንደሚያመርተው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አፈሙዙን ጨምሮ ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የአፈሙዙ ጫፍ ልክ እንደ እውነተኛው የቲ ቅርጽ አለው። በራሳቸው ገንዘብ ገዙት። እቃው በመጣ ሰሞን ቤታቸው ስሄድ ጎኑ ላይ የነበረውን ምልክት ልጠው የዚያን የጥንቱን ታንካቸውን ቁጥር በቀጭን ብሩሽ ሲጽፉ አገኘኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀኝ ክንዳቸውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ላይ አስደግፈው፣ ብሩሹን ከማሳረፋቸው በፊት ትንፋሻቸውን ይውጡና ይይዙታል፤ አንድ መስመር ስበው ብሩሹን ያነሳሉ፤ እንደገና ይተነፍሳሉ። ለአንድ አኃዝ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ቁጥሩ ሲያልቅ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ሞዴሉ ከካርቶኑ ሲወጣ የራሱ ሪሞት ነበረው። ሁለት ጆይስቲክና ጥቂት ቁልፎች ያሉት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። አንዱ ጆይስቲክ ታንኩን ይነዳል፤ ሌላው መድፉን የተሸከመውን ቱሬት ያዞራል፣ አፈሙዙን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም በውስጣቸው ሞላ አላቸው፤ ጣት ሲነሳላቸው ወደ መሃል ይመለሳሉ፣ ታንኩም ይቆማል። ለታንክ ሪሞት ሲመረጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይህ ነው። አውሮፕላን አየር ላይ ልቁም ስለማይል የሞተሩ ጆይስቲክ ሞላ የለውም፤ ትተውት በሄዱበት ቦታ ይቀመጣል። ታንክ ግን የሚነዳው ሰው ሲያመነታ፣ ሲደናገጥ፣ ጣቱ ሲስትበት መቆም አለበት። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ለሌሎች ጀማሪዎች በቃሌ የምነግራቸው ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ቀየርኩት? ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ሰጥቼበታለሁ። የካርቶኑ ሪሞት በዝግታ መንዳት ላይ ያን ያህል አይደለም፤ ይህ እውነት ነው። እንደ እርሳቸው ላለ ሰው ከዚያ የተሻለ ይገባል፤ ይህም እውነት ነው፣ ወይም ቢያንስ በዚያን ጊዜ አምኜበት ነበር። ሁለቱ እውነቶች ግን ምክንያቴ አልነበሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ውስጥ ሞዴል ታንኮቻቸውን ይዘው የሚገናኙ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ አንዱ ነኝ፣ የአንዳቸው ነገር ሲበላሽ የሚጠሩኝም እኔን ነው። ጋሼን ወደዚያ ይዤ ስሄድ፣ ታንከኛ የነበረ ኢትዮጵያዊ ከእኔ ጋር ሲመጣ፣ በእጁ የያዘው ሪሞት የመጫወቻ እንዲመስል አልፈለግሁም። ክብሩ ለእርሳቸው ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ነበር።

በመጠን ማሰብ የነበረብኝም እዚህ ላይ ነው። ታንክ ለመንዳት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንድ ቻናል፣ ለመታጠፍ አንድ፣ ለቱሬቱ አንድ፣ ለአፈሙዙ አንድ። የጃፓኑ ታሚያ ዝነኛ ባለ 1 ለ16 ታንኮቹን ለዘመናት ያስነዳው በ4 ቻናል ነው፤ ተኩሱንም የሚያስተኩሰው በዚያው ጆይስቲክ ነው። ድምፅ፣ መብራት፣ መትረየስ ቢጨመር 8 ቢደርስ ነው። እኔ ያቀረብኩላቸው ግን ለአውሮፕላኖቼ ስጠቀምበት የነበረውን ባለ 16 ቻናል ሪሞት ነው። የሞዴሉን ቦርድ አውጥቼ ከማንኛውም ሪሲቨር፣ ማለትም የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው ክፍል ጋር የሚግባባ ሌላ ቦርድ አስገባሁ። በሪሞቱ ግራ በኩል ያለው የሞተር ጆይስቲክ ሞላ እንደሌለው አውቃለሁ። ከፍቶ ሞላውን መግጠም ካቻቢቴና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። «ይለምዱታል» አልኩ። መሃሉን በጣታቸው ፈልገው እንዲያቆሙ የተውኩት እጃቸው የሚንቀጠቀጥን ሰው ነው።

ከዚያ ደግሞ ቅንብሩ። ለአዲስ ሞዴል ከባዶ መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን የአንዱን አውሮፕላኔን ቅንብር ገልብጬ ስሙን ኤም 41 አልኩት፤ ጊዜ ይቆጥባል። እዚህ ላይ የነገሩን አሠራር ሳልናገር ጥፋቴን በትክክል መናገር አልችልም። እያንዳንዱ ቻናል ለሞዴሉ የሚልከው የምት ርዝመት ነው፤ ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮ ሴኮንድ። ጆይስቲኩ መሃል ላይ ሲሆን 1500 ነው። ሪሲቨሩ ከሪሞቱ ጋር ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምን ማድረግ እንዳለበት ደግሞ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ይህን ፌይልሴፍ እንለዋለን። የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘህ ቀጥል ሊባል ይችላል፤ ምንም አትላክ ሊባል ይችላል፤ ወይም ወደዚህ ቁጥር ሂድ ይባላል። አውሮፕላኔን ያዘዝኩት የሞተሩን ቻናል ወደ ዝቅተኛው እንዲያወርድ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ሲቀነስ 100 ተብሎ የሚጻፈው። ለአውሮፕላን ይህ ትክክል ነው፤ ዝቅተኛው ማለት ሞተሩ ጠፋ ማለት ነው። ለታንክ ግን ሞተሩ የሚጠፋው መሃል ላይ ነው። ዝቅተኛው ማለት ሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ነው።

ቅንብሩን ስገለብጥ ያቺ ቁጥር አብራ መጣች። አላየኋትም። አላየኋትም ስል ግን ልትታይ አትችልም ነበር ማለቴ አይደለም። ሪሲቨር ከገጠምን በኋላ ታንኩን ጣውላ ላይ አስቀምጠን፣ ሰንሰለቶቹ መሬት ሳይነኩ፣ ሪሞቱን አጥፍተን የሚሆነውን እንመለከታለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ራሴ ሌሎችን ሳያደርጉት ከቤት እንዳይወጡ የምገሥጽበት ነገር ነው። የዚያን ቀን ጋሼ ወንበር ስበው ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀን ነበር፤ እኔም ታንኩ ሲንቀሳቀስ ፊታቸውን ለማየት ቸኩዬ ነበር። ፊታቸውን አየሁ። ፈተናውን አልፈተንኩም።

አንቴናውንም ልጨምር፤ እርሱም የከንቱነቴ ሥራ ስለሆነ። በዚህ ሞገድ የሪሲቨር አንቴና የሚቀበለው በጫፉ ባለችው 31 ሚሊሜትር ገደማ በሆነች ቀጭን ሽቦ ነው። ያቺ ጫፍ ከብረት ርቃ ከፍ ብላ ብትቀመጥ ደስ ይላታል። እኔ ሽቦው ከውጭ ታይቶ የታንኩን መልክ እንዳያበላሽ ከባትሪውና ከብረት ማርሾቹ መካከል ወትፌ ዘጋሁት። ቅርብ እስካለ ድረስ ይሠራል። ራቅ ሲል፣ ታንኩም ከመሬቱ ዝቅ ሲል፣ ይቆራረጣል።

ፓርኩ ውስጥ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ጋሼ ሲነዱ ቆይተው ታንኩን ከአሸዋው ክምር ማዶ ወሰዱት። እዚያ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ታንኩ ቆም አለና በድንገት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ወደ ኋላ ተነሳ፤ ከክምሩ ጎን ዞሮ ሰዎች ብርድ ልብስ ዘርግተው ወደ ተቀመጡበት መጣ። አንዲት እናት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አነሳች። ሰው አልነካም። ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተገልብጦ ወደቀ፤ አፈሙዙ ተሰበረ፣ ቱሬቱ ከቦታው ወጣ። ጋሼ ሪሞቱን እንደያዙ ቆመዋል። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ሄደው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩአት፣ ሲንቀጠቀጥ እንድታየው። ለእኔም በአማርኛ፣ «እጄ ነው ልጄ። ጎተትኩት መሰለኝ» አሉኝ።

እኔም «ምንም አይደል ጋሼ፣ ያጋጥማል» አልኳቸው።

ይህን ኑዛዜ መጀመሪያ ስጽፈው እውነቱን ያወቅሁት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ብዬ ነበር። ጽፌው ሳነበው እንደገና ውሸት ሆነብኝ። ማታ የሆነው እውነት ነው፤ ታንኩን ለመጠገን ጣውላ ላይ አስቀምጬ ሳለ የሪሞቱን ባትሪ ለመቀየር አጠፋሁት፣ ሁለቱም ሰንሰለቶች ወደ ኋላ መሽከርከር ጀመሩ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው አሸዋ ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ ሪሞቱን እስካበራው ድረስ አላቆሙም። እጄን ዘርግቼ የታንኩን ማጥፊያ ስፈልግ ገብቶኛል፤ ስክሪኑን ከፍቼ ቁጥሯን ከማየቴ በፊት ገብቶኛል። ግን ከዚያ በፊትም አንድ ነገር አይቼ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ታንኩ ወደ ኋላ ሲሄድ ዞር ብዬ ያየሁት ታንኩን አይደለም፤ እርሳቸውን ነው። የግራ አውራ ጣታቸው ጆይስቲኩን ወደ ፊት ገፍቶ ነበር። በደንብ አይቼዋለሁ። ወደ ፊት እየገፉት ታንኩ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ይህን አይቼ ነው «ያጋጥማል» ያልኳቸው። ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም፤ የእርሳቸው እጅ እንዳልሆነ ግን አውቄያለሁ፣ ወይም ለማወቅ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶኝ ያቺን እርምጃ ላለመራመድ መርጫለሁ።

የዚያን ምሽት ሥራዬን ደግሞ ልናገር። ቁጥሯን ከሲቀነስ 100 ወደ 0 አስተካከልኩ። አንቴናውን አውጥቼ ከቱሬቱ ሥር ወደ ላይ አቆምኩት። አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ቁጥሯ ስትቀየር ምስክሩም አብሮ ጠፋ። ቀድሞ፣ በ27 ሜጋኸርዝ ዘመን፣ ክሪስታል እየቀያየሩ በሚሠሩበት ጊዜ፣ አንድ ሰው በሌላው ሞገድ ላይ ሪሞቱን ከከፈተ የሌላው ሞዴል ይፈነጥዛል፤ ስለዚህ በየክለቡ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፣ የሞገዱን ምልክት ሳይወስዱ ሪሞት መክፈት አይቻልም። ምልክቱ የማን እጅ ላይ እንዳለ ሁሉም ያያል። ያ ሥርዓት በአዲሱ ሞገድ አያስፈልግም፣ ተረስቷል። እኔ ግን ያን ምሽት ጥፋቴ ማንም በማያየው ስክሪን ውስጥ በመሆኑ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። እፎይታ ነው ብዬ ላለሰልሰው እችላለሁ። ደስታ ነበር።

በማግሥቱ ጋሼ ደወሉ። የአፈሙዙን ዋጋ ሊከፍሉ ፈለጉ፤ የደከምኩበትን ነገር ስላበላሹብኝ አዘኑ። ታንኩ የራሳቸው ነው። እኔ «ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እጠግነዋለሁ» አልኩ። ትሕትና የሚመስል ንግግር ነው። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ስልክ ነው። ውሸት አልተናገርኩበትም፤ የማላውቀውን ነገር አላልኩም። ያደረግሁት ሌላ ነው፤ ለራሴ ጥፋት እርሳቸውን ይቅር አልኳቸው፣ እርሳቸውም አመስግነውኝ ስልኩን ዘጉ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ እንኳ ጥፋት ነው። አልቆመም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘችኝ። ፓርኩ ውስጥ የዚያን ቀን አብራን ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ አባቷ መኪና እንደሚነዱ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስጋት እንደገባት፣ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ እጃቸውን እንዴት እንዳየሁት። «ዕውቀቱ ስላለህ ነው የምጠይቅህ» አለችኝ። እኔም «ይንቀጠቀጣል፤ ባይነዱ ሳይሻል አይቀርም» አልኳት።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይህ እውነት ነው። ምናልባት መኪና ማቆም ነበረባቸው፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ለራሴ ስነግረው የነበረው ይህንን ነው፣ ለደኅንነታቸው ነው እያልኩ። ነገር ግን እርሷ የጠየቀችኝ ስለ እጃቸው ጠቅላላ ሁኔታ አይደለም። ያን ቀን ስላየችው ነገር ነው የጠየቀችኝ፤ ያን ቀን ያየችው ደግሞ የእኔን ቁጥር ነበር። በእውነተኛ ቃል ሐሰተኛ ምስክርነት ሰጠሁ። በዚያው ሰሞን ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ ራሳቸው አንስተው ለልጃቸው ሰጧት። ማንም አላስገደዳቸውም ይባላል። እንዲያ ነው የተነገረኝ፤ እኔም ያንን ሰምቼ ራሴን አጽናናሁበት።

ከዚያ ታንኩን ሰጡኝ። ጠግኜ ልመልስላቸው ስሄድ «አንተ ጋ ይሁን፤ እጅ ላለው ነው የሚገባው» አሉኝ። ልቀበል አልፈለግሁም፤ ግን ተቀበልኩ፤ እምቢ ካልኩ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ቤቴ ወስጄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ያ ቀጥ ያለ ቁጥር በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ነው፤ ክንዱ ድጋፍ አግኝቶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት። እኔ የሰጠኋቸው ሪሞት ለእጃቸው ምንም ድጋፍ አልነበረውም። ሞላ መግጠም ይቻል ነበር። ኤክስፖ የሚባለውን ከፍ አድርጎ ጆይስቲኩ መሃል አካባቢ እንዲለሰልስ ማድረግ ይቻል ነበር። ከመሃሉ ግራና ቀኝ ጥቂት ቦታ ምንም እንዳይሰማ ማድረግ፣ ሙሉውን ፍጥነት በግማሽ መቀነስ ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ በዚያው በተመካሁበት ሪሞት ውስጥ አለ፤ የገዛሁበትም ምክንያት ይኸው ነበር። የማንን እጅ አስቤ እንዳቀናበርኩት መደርደሪያው ሥር ቆሜ ነው የተረዳሁት። የራሴን እጅ ነበር፤ የጤነኛ ሰው እጅ፣ አውሮፕላን የለመደ፣ ሲነዳ ሰው እንዲያየው የሚፈልግ።

ለመሄድ ግን ከዚያም በኋላ ዘገየሁ። ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ። ሕሊናዬ አስገድዶኝ ወዲያው ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልሄድኩም።

በመጨረሻ ታንኩን፣ ሪሞቱንና አንዲት ጣውላ ይዤ ሄድኩ። መናገር ጀምሬ ነገሩ ወደ ቻናልና ወደ ማይክሮ ሴኮንድ ሲሄድብኝ አቆምኩት፤ በማይገባቸው ቃል እየተሸሸግሁ መሆኔ ታወቀኝ። ታንኩን ጣውላው ላይ አስቀመጥኩ። ቁጥሯን ወደነበረችበት መልሼ ስክሪኑን አሳየኋቸው። ከዚያ «ወደ ፊት ይግፉትና ሪሞቱን ያጥፉት» አልኳቸው። ገፉት፤ ሰንሰለቶቹ ወደ ፊት ዞሩ። አጠፉት። ለቅጽበት ቆሙና ወደ ኋላ ተነሱ። ጋሼ ሪሞቱን መልሰው አበሩት፣ ደግመው አጠፉት፤ ያው ሆነ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «እንግዲህ የገፋሁት ወደ ፊት ነበር» አሉ።

እርሳቸውም አውቀውት ነበር ማለት ነው። ጣታቸው ያደረገውን ጣታቸው ያውቃል፤ ግን የእኔን ዕውቀት አምነው የራሳቸውን ጣት ካዱ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የበደልኳቸው እውነቱን በመደበቅ ይመስለኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እውነቱ በእጃቸው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስጣልኳቸው።

አልተቆጡኝም፤ አልማርኩህም፣ ማርኩህም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ለዚያች ሕፃን ይዛ ለነበረችው ሴትና ለፓርኩ ሰዎች እንድነግራቸው። ሴትዮዋን አላገኘኋትም፤ ከዚያ ቀን በፊትም ኋላም አላየናትም። ለሌሎቹ ነገርኳቸው፤ ሰው ሁሉ ታንኩን ከማስነሳቱ በፊት፣ ማን ምን እንዳደረገ ለይቼ። የሪሞቱ ሁለቱም ጆይስቲኮች አሁን ሞላ አላቸው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ነው፤ ፌይልሴፉ መሃል ላይ ነው። ይህንን ያደረግሁት እርሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ቁጥር እያነበብኩላቸው ነው። ታንኩ እርሳቸው ቤት አለ። ወደ ፓርኩ ግን አልመጡም፤ መኪናም አልነዱም። ቁልፉን መልሰው አልጠየቁም፤ ሐኪማቸው ምን እንዳላቸው ለእኔ አልተነገረኝም፣ እንዲነገረኝም አይገባም።

ልጃቸው የዚያን ቀን ከሥራ ስትመለስ ገና እዚያ ነበርኩ። አባቷ «ይነግርሻል» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ምኑን? አባቴን እንዳይጎዳው ነው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። እርሷ ራሷ ያቀበለችኝ መልስ ነው፤ ብቀበላት ታምነኝ ነበር። «አይደለም» አልኳት፤ «አዋቂ ነው የምትሉኝ እንዳይቀርብኝ ነው።»